ወደ ግራ የተከረረ ክር

የኡልካን ጸሎት ከትእዛዝ አይለይም ነበር። ሠላሳ ዓመት በመንደሩ መዋለ ሕፃናት ሞግዚት ሆና የለመደችው አፍ ነው። «አላህ ሆይ፣ ጅፓር ዛሬ ከናሪን ከተማ ስትመለስ ሹፌሩ እንዳያንቀላፋ። በረዶው እንዳይወርድ፤ መውረዱ ካልቀረ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ልጅቱ ኮፍያዋን ማድረጓን ደግሞ አንዴ እይልኝ» ትላለች። ትንሽ ታስብና፣ «ጆሮ የሚሸፍነውን ነው ያልኩህ» ብላ ትጨምራለች።

በእሷ ዘመን ትምህርት ቤት ፈጣሪ የለም ብለው ነበር ያስተማሯት። ፈተናውንም በጥሩ ነጥብ አልፋዋለች። የመጀመሪያ ልጇን ትኩሳት የያዘው ለት ግን የሚያናግራት ሰው ብታጣ «ካለህ...» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ አላቆመችም። የስግደቱን ሥርዓት በወጉ አታውቀውም፤ ሲሰግዱ ያየቻቸውን እያስታወሰች ታጎነብሳለች፣ መሐል ላይ ሻይ የጣደችው ትዝ ይላትና ትነሣለች። «እኔ የምጸልየው ስልክ እንደሚደውል ሰው ነው» ትላለች በራሷ እየሳቀች። «የማወራው እኔ፣ መልሱን ሳልሰማ የምዘጋውም እኔ።»

ለሁሉም ትጸልያለች። ለላሟ፣ ለጎረቤት ጣሪያ፣ በሬዲዮ ስማቸውን ለሰማችው አገሮች። አንድ ሰው ብቻ ግን በጸሎቷ ስሟ ተነሥቶ አያውቅም፤ እሷም ዳሪካ ናት።

ዳሪካ የባሏ ታናሽ ወንድም ሚስት ናት። የሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የመስኖ ቦይ ነው፤ በቦዩም ላይ ሳንቃ ተጋድሟል። በዚያ ሳንቃ ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዶሮ ተሻግሯል፣ ውሻ ተሻግሯል፤ አንዲት «እንዴት አደርሽ» ግን አልተሻገረችም።

ነገሩ የተጀመረው በኡልካን ባል፣ በነፍስ ኄር ሸርሼን የአርባ ቀን ድግስ ላይ ነው። በዚያ አገር የድግስ ሥጋ እንዲሁ እየተዛቀ አይታደልም። እያንዳንዱ ብልት ባለቤት አለው፤ ዳሌው ለማን፣ የጎድን አጥንቱ ለማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ቅልጥም የጎረምሳ ድርሻ ነው። ዳሌ ይገባት የነበረችው ዳሪካ ሰባ ሰው በተቀመጠበት ሳህኗን ብታይ ቅልጥም ቀርቦላታል። አየችው። አንዴም ሳትነካው ሻርፗን አስተካክላ ተነሣችና ወጣች። ኡልካን ያኔ ቶሎ ብላ «የኦሮዝ ስህተት ነው፤ ሥጋውን ያደለው እሱ ነው» አለች። ኦሮዝ በመንደሩ ድግስ ሥጋ የሚያድል ዝምተኛ ሰው ነው፤ አልተከራከረም። ሲነገረው ሲነገረው ራሱም አመነው። ከዚያ ወዲህ ኦሮዝን ለሥጋ እደላ የጠራው ሰው የለም።

እውነቱ ግን ቅልጥሙን በገዛ እጇ በዳሪካ ሳህን ላይ ያስቀመጠችው ኡልካን ናት። ይህን ታውቃለች። ዳሪካን በጸሎቷ የማታነሣውም ለዚሁ ነው፤ ስሟን ካነሣች ነገሩ ሁሉ ሊነሣ ነው። ስልኩን የምትዘጋው መልሱን ፈርታ ነው።

በዚያ ዓመት ጸደይ ጅፓር ታጨች። ጅፓር እናቷ ሩሲያ ለሥራ ከሄደች ጀምሮ ኡልካን ያሳደገቻት የልጅ ልጅ ናት። ሙሽራ ደግሞ ሺርዳክ ሳትይዝ አትሄድም። ሺርዳክ ከተጠቀጠቀ ሱፍ የሚሠራ ወፍራም ምንጣፍ ነው፤ አሠራሩም ለብቻ አይሆንም። ሁለት ቀለም ሱፍ ይነባበርና የበግ ቀንድ የመሰለው ጌጥ በጠመኔ ተሥሎበት በአንድ ቢላ ሁለቱም አብረው ይቆረጣሉ። ከቀዩ የወጣው ቀንድ በጥቁሩ ቀዳዳ ይገባል፤ የጥቁሩም በቀዩ። እንዲህ ሆኖ ሁልጊዜ መንታ ነው የሚወለደው።

ኡልካን ቀይ ሱፍ ነበራት፤ ጥቁር ግን አልነበራትም። እጇም ካምና ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። «ሻይ አብዝቼ ነው» ትላለች፤ ሻዩን ግን አልቀነሰችም።

አንድ ቀን ጅፓር ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ፣ «አፓ፣ ዳሪካ አፓን ጠይቄያት መጣሁ» አለች። አፓ ትልልቅ ሴቶችን በአክብሮት መጥሪያ ነው።

«ምን ብለሽ?»

«ጥቁር ሱፍ አላት። በመንደሩ እንደሷ የሚቆርጥም የለም።»

«በቢላ? እሷ ቢላ ይዛ እኔ አጠገቧ ልቀመጥ?»

«አፓ!»

«ምን አለችሽ?»

«'ላንቺ ስል እቆርጣለሁ፤ ከእሷ ጋር ግን አልነጋገርም' አለች።»

«እኔስ መቼ አናግሪኝ አልኳት?» አለች ኡልካን። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች። «ቢላውን ግን አስቀድሜ ልየው። የዶለዶመ ከሆነ ያንሸራትታል፤ የተሳለም ከሆነ ይቆርጣል።»

«አፓ፣ እንዲቆርጥ አይደል የምንፈልገው?»

«ሱፉን እንጂ ሰውን ነው እንዴ!»

ዳሪካ በቀጠሮዋ መጣች። ጥቁሩን ሱፍ ጠቅልላ በትከሻዋ ተሸክማለች። ከተቀመጠች በኋላ እንደ አገሩ ሴቶች ልማድ መዳፏን ከፍታ፣ «እጁ የኔ አይደለም፤ የእናታችን የፋጢማ ነው» አለችና ቢላውን አነሣች። ኡልካን ቀናች። እሷ ምንም ነገር ስትጀምር ከአፏ የሚወጣው «ቀስ!» ብቻ ነው። ለነገሩ አሁንም አወጣችው።

«ቀስ!»

ዳሪካ ቀና አላለችም። «ጅፓር፣ ለአያትሽ ንገሪልኝ፤ ገና አልጀመርኩም።»

«አፓ፣ ገና አልጀመርኩም ትልሻለች።»

«ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም። ዐይኗን ቢላው ላይ ታድርግ በያት።»

«ዐይኔ ቢላው ላይ ነው፤ የሚያንሸራትተኝ አፏ ነው በያት።»

«ጣቷን ትጠብቅ በያት! ደም ከፈሰሰ አዮዲን የለንም።»

«ጣቷን ከሱፉ ላይ ያላነሣችው እሷ ናት በያት።»

ጅፓር ወደ ቀኝ ስትዞር ወደ ግራ ስትዞር አንገቷ ደከመና፣ «እኔ ሙሽራ ነኝ ወይስ አስተርጓሚ?» ብላ ወጥታ ሄደች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ቃል አልተለዋወጡም፤ ሥራው ግን ቀጠለ። አንደኛዋ ሱፉን ካልወጠረች ሌላዋ መቁረጥ አትችልምና ኡልካን ወጠረች፣ ዳሪካ ቆረጠች። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱም እኩል ትንፋሻቸውን ያዙ፣ እኩል ለቀቁ።

ተቆርጦ ሲያልቅ ዳሪካ ቀዩን ቀንድ በሁለት ጣቷ አንሥታ በጥቁሩ ክፍተት ውስጥ አስቀመጠችው። ልክክ አለ። ጥቁሩንም በቀዩ ውስጥ። የኡልካን ዐይን እንባ አቀረረ። «አቧራ ነው» አለች ለማንም ሳትናገር። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲጥል ነበር የዋለው።

የቀረው ስፌቱ ነበር። ቀዩና ጥቁሩ የሚገናኙበት መስመር በክር ይሸፈናል፤ ክሩም ሁለት ነው። አንዱ እንዝርት ወደ ቀኝ እየዞረ የተከረረ፣ ሌላው ወደ ግራ። ጎን ለጎን ሲሰፉ ተቃቅፈው ሹሩባ ይመስላሉ፤ ምንጣፉንም የሚያጠብቀው እሱ ነው። በመንደሩ ልማድ የቀኙን ታላቅ ትፈትላለች፤ የግራው የታናሽ ነው፤ ለእጅ አይመችም፣ ያታክታል። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም «ማን የትኛውን?» ብሎ አልጠየቀም። ቢጠየቅ ደግሞ መነጋገር ሊመጣ ነው። እያንዳንዷ ሱፏን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።

ሳምንት አለፈ። ዳሪካ ልቃቂቷን አምጥታ በኡልካን ልቃቂት አጠገብ አኖረችው። ጅፓር ከሁለቱም ክር መዝዛ ሱፉ ላይ ጎን ለጎን አጋደመቻቸው። ሹሩባ አልሆኑም። በአንድ ነፋስ የተጋደመ ሣር መሰሉ። ጅፓር ሌላ ጫፍ ሞከረች፤ ያው ነው። ሁለቱም ወደ ቀኝ ተከርረዋል።

ኡልካን ዐሥራ አንድ ዓመት የያዘችው አፏ ሳታስበው አመለጣት።

«አንቺ! ታናሽ ነሽ! ግራው ያንቺ ነበር!»

«ታናሽስ ያኔ ነበርኩ» አለች ዳሪካ፤ እሷም ፊት ለፊት፣ ግን ታላቅ ሴት በምትጠራበት «ኤጄ» እና በአንቱታ። «ሰባ ሰው ፊት ቅልጥም የቀረበለት ሰው ታላቅነት ታናሽነት የለውም፣ ኤጄ። ማዕረጌን ያኔ ወሰዱብኝ፤ ክሬን እንደፈቀድኩ ፈተልኩ።»

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ፤ የኦሮዝ...»

«እንዳይጨርሱት!» ዳሪካ ተነሣች። ጥቁሩን ሱፍ ትታው፣ ቢላዋን ብቻ አንሥታ ወጣች። በሩን በቀስታ ዘጋችው፤ ለኡልካን ከመወርወሩ ይልቅ ይሄ ባሰባት።

ጅፓር መሬት ላይ እንደተቀመጠች ናት። «ሴቶቹ ለስፌት የሚመጡት ዓርብ ነው» አለች። «ተዪው፣ አፓ። ከገበያ የማሽን ምንጣፍ እገዛለሁ። የማይጣላ።»

«በማሽን ምንጣፍ ላይ ያዳልጣል» አለች ኡልካን፤ ሌላ የምትለው ስላልነበራት። ልጅቱ አልሳቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ኡልካን እንዝርቷን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። «ስልሳ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ አሁን ደግሞ ታናሽ ልሆን ነው» አለች። እንዝርቱን ወደ ግራ አሾረችው። ክሩ ተበጠሰ። ደገመችው፤ ተቋጠረ። በሦስተኛው እንዝርቱ ከእጇ አምልጦ ምድጃው ሥር ገባ። «ተኙ ስላቸው ዐይናቸውን የሚያፈጡ ልጆች ነበሩ» አለችው፤ «አንተ የነሱ አለቃ ነህ።» ተንበርክካ አወጣችው። የሚንቀጠቀጠው እጇ ሱፉን አንዴ የጣት ያህል፣ አንዴ የፀጉር ያህል ያወጣው ነበር። ክሩ እንቁላል የዋጠ እባብ ይመስላል።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ሆነ። ወደ ግራ መፍተል እንደ አስቸጋሪ ልጅ ሙሉ ሐሳብ ይፈልጋል፤ ሌላ ሐሳብ ከገባ ክሩ ይበጠሳል። ስለ ጅፓር መንገድ ስታስብ ተበጠሰ። ስለ ላሟ ስታስብ ተበጠሰ። «አላህ ሆይ፣ ይህን ክር...» ብላ ልታዝ ስትጀምር እሱም ተበጠሰ። እየተናደደች ዝም አለች። እንዝርቱ ሾረ፣ ክሩ ወጣ፤ አሁንም ሾረ፣ አሁንም ወጣ። ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ቀና ስትል ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ፀሐዩም ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ተሻግሯል፤ ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ትእዛዝ አልሰጠችም። ቤቱ ጸጥ ብሏል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያለ አንድ አድማጭ እሷን ሲጠብቅ የቆየ መሰላት፤ አልተቆጣም፣ አልቸኮለም፤ ተራዋን እስክትጨርስ የተቀመጠ ብቻ።

«እሺ» አለች ኡልካን ቀስ ብላ። «ቅልጥሙን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ታውቃለህ። ግን አልነገርኩህም ነበር።»

መብረቅ አልወረደም። እሷ ግን ለጥንቃቄ ወደ ጣሪያው አየች።

ከሰዓት በኋላ ጎባጣውን ልቃቂት በሻርፗ ጫፍ ይዛ ወደ ቦዩ ሄደች። ሳንቃውን በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው፤ በስብሷል ብላ ሠጋች፤ ብወድቅ የሳንባ ምች ይይዘኛል አለች፤ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር። ተሻገረች። ዳሪካ ደጃፏ ላይ ለዘር የሚሆን ድንች እየለየች ነበር።

«ይኸው ግራው» አለች ኡልካን።

ዳሪካ ልቃቂቱን ተቀብላ አገላበጠችው። «ይሄ ክር ነው ወይስ የታመመ ትል?»

«ሁለቱም ነው። ዳሪካ፣ ስሚኝ፤ ሳልፈራ ልናገረው። ኦሮዝ አልተሳሳተም። ቅልጥሙን ያስቀመጥኩልሽ እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ድስቱ አጠገብ ቆመው ዳሌውን ሲያነሡት አየሁ። አየት አደረጉኝና መለሱት። ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ዳሌ መሰለዎት እንዴ? ያንን ምስኪን ኦሮዝን መወንጀል እስኪተዉ ነው የጠበቅኩት።» ድንቿን ወረወረች። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ምን አድርጌዎት ነበር?»

ኡልካን ልትሄድ ፈለገች፣ ልትቀመጥ ፈለገች፤ በመጨረሻ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። «ሙሾሽ» አለች።

«ምን?»

«ሸርሼን ሲሞት አንቺ ሙሾ አወረድሽ። ተራራው ሁሉ አለቀሰ። ወንዶቹ ውጪ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ ሚስቱ ግድግዳውን ዞሬ ተቀምጬ አንድ ስንኝ አልመጣልኝም። አርባ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው! ሙሾ ማን አስተማረኝ? በጭንቅላቴ ሲመላለስ የነበረው የትምህርት ቤት መዝሙር ብቻ ነው። ስለ ትራክተር።»

«ስለ... ትራክተር?»

«አዲስ ትራክተር መጣልን የሚል። ባሌ ተዘርግቶ ውስጤ 'ተር ተር' ይላል። በአርባው ደግሞ ሴቶቹ 'ባል የሞተባት ዳሪካ ትመስላለች' ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ድስቱ ጋ ሄድኩ።»

ዳሪካ ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ኡልካን አስለቀስኳት ብላ ደነገጠች፤ ዳሪካ ግን በሻርፗ አፏን ይዛ የምትታገለው ሳቋን ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ግን በእርግጥም አለቀሰች።

«ሙሾውን ያወረድኩት ለእርስዎ ነበር፣ ኤጄ» አለች አፍንጫዋን እየጠራረገች። «ድምፅዎ እንደተዘጋ አየሁ። ሚስቱ ዝም ካለች ሰው ምን ይላል ብዬ የእርስዎን ድርሻ ነበር የጮኽኩት።»

ኡልካን አንድ ድንች አንሥታ ሳትመክር ሳታስጠነቅቅ መለየት ጀመረች። ይህ ለእሷ አዲስ ነገር ነው።

«ዓርብ እመጣለሁ» አለች ዳሪካ ድንቿን መልሳ እያነሣች። «ግራውንም መልሼ እፈትለዋለሁ፤ በዚህ ትል ሙሽራ አትዳርም። ግን ቅልጥሙ የቀረበልኝ በሰው ፊት ነበር። ዛሬ የነገሩኝን በሰው ፊት ይናገሩታል።»

«ለጅፓር ብነግራትስ? እሷ ለሁሉም...»

«በእርስዎ አፍ!»

ዓርብ ስምንት ሴቶች በሱፉ ዙሪያ ተቀመጡ። በመካከላቸው የኦሮዝ ሚስት አሩኬ አለች፤ መርፌዋ ፈጣን ነው፣ ምላሷም እንደዚያው። ኡልካን ጉሮሮዋን ጠረገች። ምድጃው እንዳያጨስ አስጠነቀቀች። በመስኮቱ ነፋስ እንደሚገባ ተናገረች። መርፌ የወደቀበት ሰው ቶሎ እንዲያነሣ፣ ሕፃን ሊውጠው እንደሚችል አሳሰበች፤ ቤቱ ውስጥ ሕፃን አልነበረም። ዳሪካ ከወዲያ ማዶ ትኩር ብላ አየቻት።

«በሸርሼን አርባ» አለች ኡልካን፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ለዳሪካ ቅልጥሙን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው። ቅናት ነው። ኦሮዝ ላይ ዋሽቻለሁ።»

መርፌዎቹ ቆሙ። አንዷ «ዉይ!» አለች፤ ሌላዋ ጠርጥሬ ነበር ልትል ከጀለችና ተወችው። አሩኬ ክሯን በጥርሷ ቆርጣ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች።

«ባሌ ዐሥራ አንድ ዓመት በሕልሙ ሥጋ ያድላል» አለች። «ሲባንን 'አሩኬ፣ ዳሌው የማን ነበር?' ይለኛል። 'ተኛ፣ አንተ ዘገምተኛ' እለዋለሁ። እኔ! ዘገምተኛ አልኩት!» መርፌዋን ከደረቷ ነቀለችው። «ልጅቱ ምንም አላጠፋችም፤ ስፌቷን እጨርሳለሁ። አንቺ ግን ለኔ በመናገርሽ የተገላገልሽ እንዳይመስልሽ። እሱ ቤት ነው።»

ኡልካን በሩን አየች። እሷ የዳሪካን ቦይ ለመሻገር ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶባታል፤ የኦሮዝ ቤት መንደሩ ዳርቻ ነው። «ነገ ብሄድስ...» ልትል ስትል ዳሪካ ጫማዋን አጥልቃ ቆማ ነበር።

«ይነሡ፣ ኤጄ። ብቻዎን ከሄዱ በመንገድ ሌላ ስህተተኛ ያገኛሉ።»

ሄዱ። ቀይና ጥቁሩ ሱፍ በሰው ተከቦ ቀረ። በመንገድ ኡልካን የሰው ውሻ ፈራች፣ ጭቃው ያዳልጣል አለች፣ የሚያልፈው መኪና ፍጥነቱ አላማራትም። ዳሪካ ክንዷን ይዛ፣ «እ... እ...» እያለች ሰማቻት፤ ቆማ እንድትቀር ግን አልፈቀደችላትም።

ኦሮዝ ግቢው ውስጥ እንጨት እየፈለጠ ነበር። ሁለቱን አብረው ሲያይ መጥረቢያውን አወረደ። ኡልካን ከበሩ ሳትገባ፣ ሰላምታም ሳታስቀድም፣ ድፍረቷ ሳያልቅ ተናገረችው። ሽማግሌው ግንዱ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ዘርግቶ መዳፉን አየው፤ ገልብጦ ደግሞ ጀርባውን አየው።

«እንግዲያው እኔ አልተሳሳትኩም» አለ።

«አልተሳሳትክም፣ ኦሮዝ። ይቅር በለኝ።»

«ዳሌው ድስቱ ውስጥ ነበር?»

«ነበር። መልሼ የጣልኩት እኔ ነኝ።»

«ዘገምተኛም አይደለሁም።»

«አይደለህም።»

ኦሮዝ ወደ ጎረቤቱ አጥር ዞሮ አየ፤ ከአጥሩ ወዲያ ሰውዬው በረቱን እየጠረገ ነበር። ከዚያ ወደ ኡልካን ተመለሰ፤ ፊቱ ላይ ለብዙ ዓመት ያልታየ ነገር ብቅ አለ።

«እስኪ ድገሚው» አላት። «ትንሽ ጮክ አድርገሽ።»

ኡልካን ዳሪካን አየቻት። ዳሪካ ክንዷን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት። ሙሾ ያልወጣለት ያ ጉሮሮ ተከፈተና ኡልካን ጮክ ብላ ደገመችው።